ሁሉም «ማር» ይላል፣ ስሙ ግን አልተገኘም

ደብዳቤው

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምጽፈው ከአዳማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ሳምንት አለፈኝ። ሴት ናት። እስካሁን ስም አልወጣላትም፤ ሁላችንም «ሚሚ» እያልን እንጠራታለን። ስም ጠፍቶ አይደለም፣ በዝቶ ነው። የባለቤቴ አባት አርሲ ውስጥ ንብ አናቢ ነበሩ። የልጅ ልጃቸውን ሳያዩ አረፉ። ስለዚህ ስሟ ከማር ጋር የተያያዘ ይሁን በሚለው ሁላችንም ተስማማን። ስምምነታችን እዚያው ላይ አለቀ።

አማቴ በኦሮምኛ «ደሜ» ትባል ይላሉ። እናቴ የደሴ ሰው ናት፤ «ማሪቱ» ካልተባለች ብላ አኩርፋለች። ባለቤቴ «ሜሊሳ በግሪክኛ ማር ማለት ነው፣ ዘመናዊም ነው» ይላል። ዱባይ ያለችው እህቴ ደግሞ በየቀኑ ቮይስ እየላከች «ሸህድ በያት፣ እዚህ ስንቱ ልጁን ሸህድ ይላል» ትለኛለች። ባለፈው እሁድ አማቴ ከአርሲ ማር ይዘው መጡ። «ደሜ፣ ደሜ» እያሉ በጣታቸው ሊያቀምሷት ሲሉ እናቴ ብድግ ብላ ልጅቷን ከእቅፋቸው ወሰደቻት። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተበተንን። ክርስትናዋ እየደረሰ ነው። ምን ይሻለኛል?

የሚሚ እናት፣ ከአዳማ

እረስቼው፦ ሆዴ ውስጥ ሳለች እኔ «ወለላዬ» ነበር የምላት። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።

መልስ

የሚሚ እናት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ከስሙ በፊት የማይቆይ ነገር ስላለ እሱን ላስቀድም። ልጅቷ አንድ ዓመት እስኪሞላት ማር በአፏ አይግባ። በጣት ጫፍም ቢሆን፣ ከአርሲ የመጣ ንጹህ ማርም ቢሆን። ማር ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ የባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው ሆድ ይቋቋመዋል። የጨቅላ አንጀት ግን ገና አልጠነከረም፤ ዘሩ እዚያ ይበቅልና መርዝ ይሠራል። ሕፃኑ መጀመሪያ ሆዱ ይደርቅበታል፣ ቀጥሎ መጥባት ያቅተዋል፣ ለቅሶው ይደክማል፣ አንገቱ ይዝላል። ሲብስ መተንፈስም ያቅተዋል። ማሩን ማፍላትም አያድንም፣ ያ ዘር ለቤት እሳት አይበገርም። ሁልጊዜ ይደርሳል ማለቴ አይደለም፤ ግን ለአንድ ላሽታ ብሎ ማን ይሞክረዋል? እስከ ስድስት ወር ደግሞ ከጡትሽ ሌላ ውሃም አያስፈልጋትም።

እናትሽ ልጅቷን የወሰዷት ለጤናዋ ብለው ይሁን በስሙ ተናደው አላውቅም። ጠረጠርኩ ግን ልተወው። ብቻ ያደረጉት ትክክል ነው። ይህን ለአማትሽ የሚነግራቸው ልጃቸው ይሁን። ካንቺ ከሰሙት «ማሬን ናቀችብኝ» ይሆናል፤ ከልጃቸው ከሰሙት የሐኪም ወሬ ሆኖ ያልፋል። ማሩን አንቺው ብዪው። አራስ ነሽ፣ አጥሚትሽ ውስጥ ጨምሪበት። አማትሽ ሲመጡም እያዩሽ ጠጪ።

አሁን ወደ ስሙ።

ባለቤትሽ ትንሽ ተሳስቷል። በግሪክኛ ማር «ሜሊ» ነው። ሜሊሳ ከእሱ የወጣ ስም ነው፣ ትርጉሙ ግን ንብ ነው። ሰውዬው ማር ሊያመጣ ወጥቶ ንብ ይዞ ገባ። ንብ ከሆነማ ምን ግሪክ አስኬደው? ዲቦራ አለችለት። እሷም በዕብራይስጥ ንብ ናት። ለዚያውም ምን ያለችዋ ንብ! በመጽሐፈ መሳፍንት ዲቦራ ነቢይት ናት፣ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር፤ ከዘንባባ ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሕዝቡ ለፍርድ ወደ እሷ ይመጣ ነበር። የጦር አዛዡን ባርቅን ዝመት ስትለው «አንቺ ካልሄድሽ አልሄድም» አላት። ሄደች። በአገራችን ስሙ የታወቀ ስለሆነ ቀበሌ ስትሄጂ «እንዴት ነው የሚጻፈው?» የሚልሽ የለም። ግን አባቱ ሲታወሱ ማር ነው የተባለው፣ ስለዚህ እንቀጥል።

ከግሪኩ ሳንወጣ፣ ፓሜላንም «ሁለንተናዋ ማር» እያሉ የሚተረጉሙ አሉ። ስሙን እንግሊዛዊው ገጣሚ ፊሊፕ ሲድኒ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ለአንዲት ገጸ ባህሪ የፈጠረው ነው። እሱ ማርን አስቦ ይሁን አይሁን ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ፓሜላን «ማር ናት» ብሎ የሚምልልሽ ካለ አትመኚው።

እህትሽ ልክ ናት። ሸህድ በዐረብኛ ማር ነው፣ በተለይ ገና ከእንጀራው ያልተለየው። ተራው ማር «ዐሰል» ይባላል። ኢራናውያን ይህንኑ ወስደው ሴት ልጃቸውን አሰል ይላሉ። ስዋሂሊም ከዐረብኛ ወስዶ ማርን «አሳሊ» ይለዋል። ሕንዶች ማዱ አላቸው፤ ወንድም ሴትም ይጠሩበታል። ይህ ቃል በጥንቱ ሳንስክሪት ማርም ነው፣ የሚያሰክር መጠጥም ነው። የእንግሊዞቹ የጠጅ ስም «ሚድ» እና የሩሲያኖቹ የማር ስም «ሚዮድ» የእሱ ዘመዶች ናቸው። ሩሲያኖች ድብን «ሜድቬድ» ሲሉ ማር በሊ ማለታቸው ነው። ከ2008 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንታቸው የነበረው ሜድቬዴቭ በስሙ የማር በሊው ወገን ነው ማለት ነው። በቱርክኛ ደግሞ ማር «ባል» ነው። ይሄኛው እኛ ቤት እንደማይሠራ ሳልነግርሽ ገብቶሻል።

ማር በሊ ካልን አይቀር፣ የእኛው ላሊበላስ? በትውፊታችን ሲወለድ ንቦች መጥተው ከበቡት፣ እናቱም ንግሥናውን ንቦች ዐወቁለት ብላ «ላል ይበላል» አለችው ይባላል። «ላል» ማር ነው ብለው ስሙን «ማር ይበላል» እያሉ የሚፈቱት ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ከማር ስም ማውጣት ከኢንተርኔት የመጣ ፋሽን አይደለም። ንጉሥም ቅዱስም የተጠራበት ነው።

ከእኛ ሰፈር ያሉትን ደግሞ ተመልከቺ። ማሪቱ አለች፤ እናትሽ የደሴ ሰው ናቸውና ይህን ስም ሲሉ የወሎዋ ማሪቱ ለገሰ ድምፅ በጆሯቸው ውስጥ ሳይመጣ አይቀርም። ማርነሽ አለ፣ ማርእሸት አለ። ጠጂቱም አለች፤ ማሩ ከጌሾ ጋር ከከረመ በኋላ መሆኑ ነው። በኦሮምኛ ማር «ደማ» ነው፣ «ደሜ» ከእሱ ነው የሚወጣው። ጠጁ ደግሞ «ዳዲ» ነው፣ ዳዲ የሚባል ጎልማሳ እናንተም ሰፈር አይጠፋም። እና ወለላ አለ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በ«ማር» የሚጀምር ሁሉ ግን ማር አይደለም። አንድ ዘመድሽ ተነስቶ «ማርታ በሉዋት፣ ማር አለበት» ማለቱ አይቀርም። ማርታ በአራማይስጥ እመቤት ማለት ነው። ማርቆስም ከሮማውያን ነው የመጣው። እኔ ከላይ «ማርያም ማረችሽ» ያልኩሽም ውስጥ ምሕረት እንጂ ማር የለም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የትኛው?

ሜሊሳንና ሸህድን ወደ ጎን አስቀምጪያቸው። ስሞቹ ቆንጆ ናቸው፣ ከውጭ ስም ጋር ጸብ የለኝም። ነገር ግን ቤታችሁ ውስጥ ግሪክኛ የሚናገር የለም። ዐረብኛውንም የምትሰማው እህትሽ ናት፣ እሷም ዱባይ ናት። ልጅቷ ሜሊሳ ብትባል ማርነቷን ዕድሜ ልኳን ስታስረዳ ልትኖር ነው። ያውም ንብ ናት። ስሙ የወጣው አርሲ ውስጥ ቀፎ ሲሰቅሉ ለኖሩ ሰው መታሰቢያ ከሆነ፣ ሲጠራ ቢያንስ አንድ ሰው እዚያው ቤት ውስጥ ማር ብሎ ሊሰማው ይገባል።

በዚህ መለኪያ የአማትሽ ሐሳብ ከሁሉም ይበልጣል፣ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሰውዬው የእሳቸው ባል ነበሩ። ንቡንም ማሩንም የጠሩት በኦሮምኛ ነው። በስሙ ላይ አንድ እንከን ቢኖር ፊደላችን ነው። በቁቤ ሲጻፍ «ኤም»ዋ ሁለት ጊዜ ትጻፋለች፣ ጠብቃ እንደምትነበብ ይታያል። በእኛ ፊደል ግን ማጥበቂያ የለም፣ አማርኛ ተናጋሪ አላልቶ የገዛ ደሜ፣ የሥጋ ዘመዴ ብሎ ያነበዋል። ይሄ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ይወደዳል። «ደማ» ቢባል ኖሮ ግን ትምህርት ቤት ውስጥ «ማን መታት?» እያሉ ያስለቅሷት ነበር። አማትሽ ይህን አስበው ይሁን ሳያስቡ ጥሩውን መርጠዋል።

እናትሽም ያለ ነገር አላኮረፉም። የመጀመሪያ የልጅ ልጅ ናት። አንዷ አያት በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በወሎ አማርኛ ሊጠሯት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም የሚሉት «ይህች ልጅ የእኔም ናት» ነው። አዳማ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን የለበትም። ከተማችሁ ራሷ ስንት ዘመን በሁለት ስም ኖራለች። በንጉሡ ዘመን ናዝሬት ተባለች፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በይፋ ወደ አዳማ ተመለሰች። እስከ ዛሬም አንዱ ተሳፋሪ «አዳማ ነኝ» ብሎ ስልክ ሲዘጋ አጠገቡ ያለው «ናዝሬት ልገባ ነው» ይላል። ሁለቱም ከአንዱ ታክሲ አብረው ይወርዳሉ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የአራት ሰው ምርጫ በደንብ ተዘርዝሯል። ያንቺ ከፊርማሽ በታች ነው የተጻፈው፣ ለዚያውም «እረስቼው» ተብሎ። አልረሳሽውም። ዘጠኝ ወር ሙሉ የጠራሽበት ስም እንዴት ይረሳል?

እስቲ የልጅቷን ሙሉ ስም ጻፊው። መጀመሪያ የራሷ ስም። ቀጥሎ የአባቷ። ሦስተኛው የአያቷ፣ የእኚሁ የንብ አናቢው። መታወቂያዋ ላይ፣ ዲፕሎማዋ ላይ፣ ፓስፖርቷ ላይ ስማቸው አብሯት ይሄዳል። ማንም ምንም ስም ቢያወጣ እሳቸው ተጽፈዋል። ከሦስቱ ስም ሁለቱ በአባት ወገን ተይዟል ማለት ነው፣ ይሄ የአገሩ ወግ ነው፣ ላማርር አይደለም። ያንቺ ስም ግን የትም የለም። የእናት አሻራ ሊያርፍ የሚችለው ያቺ የመጀመሪያዋ ቦታ ላይ ብቻ ነው። እሷንም ለአራት ሰው አከፋፍለሽ «ምን ይሻለኛል» ትይኛለሽ።

ወለላ በያት።

ወለላ ከማር እንጀራው ተንጠፍጥፎ የሚወርደው፣ ሰፈፍ የሌለበት ጥሩው ማር ነው። መጽሐፈ ምሳሌ በ16፥24 ያማረ ቃልን የሚያመሳስለው ከማር ወለላ ጋር ነው፣ ስለዚህ ለቄስም አይከብድም። ለአማትሽ አፍም አይከብድም፤ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሳይቸገር ይጠራዋል። ማር እንደሆነ ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ስሙ እንከን የለውም አልልሽም፤ አንደኛ ክፍል ስትገባ አንድ ባለጌ ልጅ «ስንተኛ ወለል ነሽ?» ይላታል። ይበላት፤ ከዚህ የባሰ ቅጽል ስም ይዞ ያደገ ስንት ሰው አለ።

ግን አንድ ነገር አደራ። አማትሽም እንዳንቺው ናቸው። የባላቸው ስም ልጅቷ ላይ ይጻፋል፣ የእሳቸው ግን የትም የለም። ስለዚህ «ደሜ» የምትለዋን ከአፋቸው እንዳትነጥቂ። «ስሟ እኮ ወለላ ነው» እያልሽ አታርሚያቸው። እንዲያውም ባለቤትሽ እናቱ ፊት ሲሆን ልጁን ደሜ ብሎ ይጥራት። ልጅቷ አርሲ ስትሄድ ደሜ፣ አዳማ ስትመለስ ወለላ ብትሆን ምንም አትጎዳም፤ ልጆች ማን በየትኛው ስም እንደሚጠራቸው ከእኛ ቀድመው ነው የሚለምዱት። እናትሽም ማሪቱ ካሏት ይበሏት። ክርስትና ስትነሳ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ስም ትሰጣታለች። አራት ስም ሆነ። ለአገራችን ልጅ ብዙ አይደለም፣ ሚሚንም ጨምሪበት። ሚሚን ግን ቶሎ አስቁሚው፤ ሠላሳ ዓመት አልፏቸው፣ ወንበር ይዘው፣ ሠራተኛ እያዘዙ እናታቸው ስልክ ደውላ «ሚሚዬ» የምትላቸው ሴቶች አውቃለሁ።

አነጋገሩ ላይ ነው ሥራው። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ይባል የለ? ሁለቱን አያቶች አንድ ላይ ሰብስባችሁ «ወስነናል» እንዳትሉ። ያ ስብሰባ እንደ ባለፈው እሁድ ይሆናል። መጀመሪያ አንቺና ባለቤትሽ ማታ ልጅቷ ስትተኛ ጨርሱት። ሜሊሳን የሚተወው አንቺ ስለተከራከርሽው ሳይሆን ንብ መሆኗን ሲያውቅ ይመስለኛል፣ ይህን መልስ አሳዪው። ከዚያ እሱ ብቻውን እናቱ ጋ ይሂድ። ከማንም በፊት እሳቸው ይስሙ። የአባቱ ስም የልጅቷ ሦስተኛ ስም መሆኑን፣ ደሜ የእሳቸው መጠሪያ ሆኖ እንደሚቀር በአፉ ይንገራቸው። የማሩንም ነገር እግረ መንገዱን እዚያው ይጨርሰው። እናትሽን አንቺ ንገሪያቸው። ያኮርፋሉ፣ ይመለሳሉ፤ ልጅ ማጠብ የሚችል ሌላ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለማ ቶሎ ይመለሳሉ። ለእህትሽ በቮይስ ይበቃታል።

ጊዜውን ልብ በዪ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። በወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጁ ቁጥር 760/2004 ደግሞ ልደት የሚመዘገበው በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ ነው። ክርስትናው እስኪያልፍ ልጠብቅ ካልሽ የሚቀርሽ አሥር ቀን ነው፣ ከአሥሩ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አለ። ስሙን ክርስትናው ድግስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አታሰሚ። ቀደም ብለሽ በቤት ውስጥ ጥሪያት፣ ጎረቤት ይልመደው፣ የድግሱ ቀን ማንም «ማን አላችኋት?» ብሎ ነገር እንዳይጀምር።

ለምዝገባ ስትሄዱ ስሙን በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ፤ በፊደል፣ በቁቤ፣ በእንግሊዝኛም። ወለላን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ከ«ደብልዩ»ዋ ቀጥሎ አንዱ «ኢ» ያደርጋል፣ ሌላው «ኦ»። ዛሬ በአንዱ፣ ለፓስፖርት በሌላው ከተጻፈ በኋላ ላይ አንድ ሰው መሆኗን ማስረዳት ያንቺ ሥራ ይሆናል፤ ስም ማስተካከል ደግሞ እስከ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። የአባቷንና የአያቷን ስምም ከባለቤትሽ መታወቂያ ላይ አይተሽ እንደዚያው አድርጊው። የልደት ሰርተፊኬቱ ሲሰጥሽ ከመስኮቱ ሳትርቂ አንብቢው። ከኋላሽ የተሰለፉት ቢያጉረመርሙም ሁሉንም መስመር ሳትጨርሺ ቦታውን አትልቀቂ።